የምትሰግድ፣ የማትጾም

እስካሁን ያነበባችሁት ደስ የሚለውን ነው። ሆሊውድ ውስጥ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ኸይሪያ የአጎቷን መኪና ይዛ እንደመጣች፣ ቁልፉን ስትሰጠኝ ሐበሻነቴን አውቃ «አደራህን፣ ቢጫር ይገድለኛል» ስትለኝ እንዴት እንደደነገጥኩ፣ ከዚያም ዓመት ሙሉ ለማታ ትምህርቷ በመጣች ቁጥር በመኪናው የፀሐይ መከላከያ ሥር ደብዳቤ እየተውን እንዴት እንደተዋደድን። የዛሬው ሌላ ነው። ማንንም ሳልበድል፣ ለራሴም ሳላዳላ ልንገራችሁ።

አጎቷ ጋሼ ጀላሉዲን ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የቅመምና የልብስ ሱቅ አላቸው። መኖሪያቸው ባልድዊን ሂልስ ኮረብታው ላይ ነው። ኸይሪያ ከሁለት ዓመት በፊት ከዋሽንግተን መጥታ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ጋር ትኖራለች። ለምን ከዋሽንግተን እንደመጣች ሲጠይቋት «ብርዱ አልተስማማኝም» ትላለች። ስለ እኔ ጋሼ ጀላሉዲን የተናገሩት ደርሶኛል፤ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ኮሌጅም ተምሯል። የሚነዳው ግን የሰው መኪና ነው» ብለዋል። ዓመት ሙሉ እምቢ ሲሉ ቆይተው ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተረቱ።

«ከዒድ በኋላ ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉኝ።

በዚያ ዓመት ረመዳን ከግንቦት ጋር እኩል ገባ። ቀኑ ረጅም ነው፤ ማታ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው ፀሐይ የምትጠልቀው። ከወሎም ከአዲስ አበባም የመጣን ሠላሳ የምንሆን ሰዎች በየምሽቱ በጋሼ ጀላሉዲን ሱቅ ጀርባ ተሰብስበን እናፈጥር ነበር። ወንዶቹ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። እኔ ሃያ ዘጠኝ ወይ ሠላሳ ቀን ብቻ እንደቀረው ሙሽራ ሆኜ እቆጥር ነበር።

ጾሙ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን ነጅሙዲን ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ታክሲ ይነዳል፤ አፉ አያርፍም።

«ዳኛው!» አለኝ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። የሁለት ወገን ቃል ሳልሰማ አልናገርም ስለምል እሱ ያወጣልኝ ስም ነው። «አንድ ኬዝ አለኝ።»

«ጾመኛ ነኝ፣ ተወኝ።»

«ኬዙም ስለ ጾም ነው። ኸይሪያ ስትጾም አይተሃታል?»

«ሴት ልጅ የማትጾምበት ቀን አላት። አንተ ምን አገባህ?»

«ኦኬ። ስንት ቀን?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰባት፣ ስምንት።»

«ዛሬ አሥራ አራት ነው። አንድም ቀን አልጾመችም። እህቴ ራዲያ በዓይኗ አይታታለች፤ በጠራራ ፀሐይ ከሱቁ ጀርባ ቧንቧው ላይ ተደፍታ ውሃ ስትጋት። እሱ ይቅር። ግን እኮ ትሰግዳለች!»

«ብትሰግድስ?»

ነጅሙዲን ሞተሩን አጠፋና ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። «አበባዋ የመጣባት ሴት አትጾምም፣ አትሰግድም። ደህና የሆነችው ትጾማለች፣ ትሰግዳለች። ሶ፣ የምትሰግድና የማትጾም ማን ናት? ፍረዳ፣ ዳኛው።»

መልሱን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በሽተኛ፣ መንገደኛ ወይም እርጉዝ። ኸይሪያ መንገደኛ አይደለችም። ታምሜያለሁ ብላም አታውቅም።

«እኔ አይደለሁም የደረስኩበት፤ እትዬ ዘሐራ ናቸው» አለ ነጅሙዲን ፊቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውነቷ ጨምሯል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል፣ በየደቂቃው ሽንት ቤት ናት አሉ። ወላሂ በሽር፣ ያንተ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፤ በታክሲዬ እስከ ሜክሲኮ አደርስሃለሁ።»

«የእኔ አይደለም» አልኩት።

«ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «የእኔ አይደለም» አልኩ። ነጅሙዲን መቀለዱን አቆመ፤ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና እያስገባሁና እያስወጣሁ በጣቴ ቀን ስቆጥር ዋልኩ።

በሰሚ ሰሚ መፍረድ አልወድም። ሦስት ቀን አየኋት።

ሾርባ ስታመጣ ሳህኑ ከማንኪያው ጋር ይንቀጫቀጫል። የእጇ መንቀጥቀጥ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እኔን ስታይ የምትንቀጠቀጥ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ከመጋረጃው ወዲያ ለሴቶቹም ስታቀርብ ያው መሆኑን ሰማሁ። ቴምር ነክሳ መልሳ አስቀመጠችው፤ «ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለኛል» አለች። ሶላት እስኪጀመር ድረስ ሁለት ጊዜ ወጥታ ገባች። ጉንጯ ሞልቷል፤ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ጠቧታል። እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ምንም አይደለም። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ።

እትዬ ዘሐራ ክፉ ሴት አይደሉም። ኸይሪያን እንደ ልጃቸው ይዘዋታል፤ የፈሩት የባላቸውን ስም ነው። ስሟን እንኳ ሳይጠሩ «አላህ ይሸፍናት» ብቻ ብለዋል። ግን በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ገለጥ ሲል ያየሁትን አልረሳም። ኸይሪያ ልትቀመጥ ስትል ከጎኗ ያለችው ሴት የቀሚሷን ጫፍ ወደ ራሷ ሰበሰበች። ኸይሪያ አየች። ቆማ ቀረች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥግ ላይ፣ ብቻዋን ተቀመጠች።

ያን ምሽት ፍርዴን ሰጠሁ። ጥፋተኛ ናት። ወዲያው ደግሞ ይቅር አልኳት። ከሌላ ሰው የተረገዘ ልጅ ተቀብሎ ስሙን የሚሰጥ ስንት ወንድ አለ? አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ራሴን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ኸይሪያ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ውሃው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቦርሳዋ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ አለ። አላወጣችውም፤ እጇ ግን ከቦርሳው አፍ አልራቀም።

ልብሱ የተቀዳደደ ሰውዬ ከባሕሩ ጋር እየተጣላ በፊታችን አለፈ። እጁን ያወራጫል፣ ማዕበሉን ያዘዋል፣ ይሳደባል። ኸይሪያ ራቅ እስኪል ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«እናቱ የት ትሆን?» አለች።

«ባትወልደው ይሻላት ነበር» አልኩ። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው። «ሌላው ሁሉ ይቻላል። እብደት ግን ቤት ያፈርሳል። ማን እንደዚህ ያለውን ይዞ ይኖራል? አላህ ይጠብቀን።»

«አሚን» አለች። ወደ እኔ ዞራ «በሽር፣ ልነግርህ ያሰብኩት ነገር ነበር» አለችኝ።

«እኔም አለኝ። እኔ ልቅደም።»

ዓይኔን አየችና «ቅደም» አለች።

«የማንም ይሁን፣ አልጠይቅሽም» አልኳት ሌሊቱን እንዳጠናሁት። «ኒካሑን ቶሎ እናስራለን። ልጁ በእኔ ስም ይጠራል። ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር ከአፌ አንዲት ቃል አትሰሚም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። የምወደው ሳቋ አልነበረም።

«እርጉዝ መሰልኩህ?»

«ሰው ሁሉ እኮ...»

«ሰውን ተወው። አንተን ነው የጠየቅሁት።»

«መስለሽኛል።»

«ከነልጁ ትወስደኛለህ?»

«እወስድሻለሁ!»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። በዚያ አስተያየቷ ውስጥ ፍቅርም ነበር፣ ዛሬ ሳስበው ደግሞ ለእኔ ማዘንም ነበረበት።

«አላረገዝኩም» አለች። «የነካኝ ሰው የለም።»

«ታመሻል እንዴ ታዲያ?»

ዞር ብላ ሰውዬው የሄደበትን አቅጣጫ ተመለከተች። ጥቁር ነጥብ አክሎ አሁንም እጁን ያወራጫል።

«አልታመምኩም» አለች።

«ሶ፣ ካላረገዝሽና ካልታመምሽ ለምን አትጾሚም?»

የቦርሳዋን አፍ ከፍታ ዘጋችው። እኔ ግን መፍትሔ ነበረኝ፤ ለሁሉም ወገን ፍትሐዊ የሆነ መፍትሔ። «አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል» አልኳት። «እነዚህን ቀኖች በሰው ፊት ጹሚ። ወሬው በራሱ ይሞታል። አጎትሽም አንገታቸውን አይደፉም፤ የእኔም ሽማግሌዎች ቀና ብለው ይገባሉ።»

«ከጾምኩ ታምነኛለህ?»

«ለሰው አፍ ነው እንጂ እኔማ...»

«አትዋሸኝ በሽር። ላንተም ነው።»

«ለእኔም» አልኩ።

ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች። ግማሽ ውሃ ነበረበት። አግዳሚው ላይ አስቀምጣው ተነሳች። «ረሳሽው» ብዬ ላነሳላት ስል «አልረሳሁትም» አለችኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ከጎኗ እየተራመድኩ እጇን ያዝኩት፤ እጇ መዳፌ ውስጥ እንደተያዘች ወፍ ሲርበተበት ከፍቅር ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

ጾመች።

በመጀመሪያው ምሽት እትዬ ዘሐራ ቴምሩን ራሳቸው አጉርሰዋት «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ሸይጧን ነው ያሳተኝ» ብለው አለቀሱ። ቀሚሷን የሰበሰበችው ሴት አጠገቧ ተቀመጠች። ነጅሙዲን ጆሮዬ ላይ «ዳኛው ኬዙን ዘጋው!» አለ። ለእኔ እነዚያ የመጀመሪያ ምሽቶች የደስታ ነበሩ።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ከበረሃው በኩል ደረቅ ንፋስ ተነሳ፤ ሆሊውድ ላይ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ኸይሪያ በቀን አሥራ አምስት ክፍል ታጸዳለች። በስድስተኛው ቀን የሾርባውን ሳህን መያዝ ስላቃታት ራዲያ ተቀበለቻት። በሰባተኛው ቀን ያፈጠረችበትን መልሳ አስወጣችው። ስትራመድ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ ወለሉ የሚናወጥ ይመስል እግሯን አራርቃ ሆነ። ስትናገርም ምላሷ ይከብዳታል።

«ጠጥታለች እንዴ?» አለኝ ነጅሙዲን። አሳቀን። አዎ፣ እኔንም አሳቀኝ።

በስምንተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ጀርባ ምንጣፍ ሳነጥፍ መጋረጃውን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ወዲያ በኩል ሴቶቹ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ፣ ያወራሉ። ቧንቧው ከእሷ ሦስት እርምጃ አይርቅም።

«በሽር» አለች። ስሜን ለመጥራት ሁለት ጊዜ ሞከረች። «ውሃ... ልጠጣ?»

አስቡት። ትልቅ ሴት ናት። እጇን ብትዘረጋ ትጠጣለች። ግን እኔን ጠየቀችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የቀረው» አልኳት ቀስ ብዬ። «ሴቶቹ ሁሉ እያዩሽ ነው። ስምንት ቀን ችለሽ አሁን? ጠንከር በይ። ለእኔ ስትይ።»

«ላንተ» አለች።

መጋረጃውን ለቀቀችው። ሃይማኖታችን በሽተኛን ይምራል፤ በዚህ ቃል የሚጠራጠር የለም። ያልማርኳት እኔ ነኝ።

አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከመጋረጃው ወዲያ ዕቃ ሲሰበር ሰማሁ። ስደርስ ወለሉ ላይ ተዘርራ እጅና እግሯ ይንዘፈዘፋል፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ማንንም ግን አያይም። «ስላልለመደችው ነው፣ ጾሙ ነው፣ ቴምር አምጡ!» ይላሉ እትዬ ዘሐራ። ጋሼ ጀላሉዲን ባዶ እግራቸውን ቆመው «ልጄን፣ ልጄን» ከማለት ሌላ አልቻሉም። በነጅሙዲን ታክሲ ሆስፒታል ወሰድናት።

ነርሷ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም። ጤነኛ ናት። ጾማ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሐኪሙም መጥቶ ጠየቀኝ። ለእሱም ያንኑ መለስኩ። ምስክር ሆኜ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛዬም ጥሩ ነው። ሙቀት የመታት ሰው እንደሚታከመው እያከሟት አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ።

ያን ጊዜ ሸዋረጋ መጣች። ሸዋረጋ የኸይሪያ የዋሽንግተን ጓደኛዋ ናት። አሁን እዚሁ ሎስ አንጀለስ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች፤ ራዲያ ደውላላት ከነሥራ ልብሷ ነው የደረሰችው። አልጨበጠችኝም።

«ሊትየም እንደምትወስድ ነግራችኋቸዋል?»

«ምን?»

መልሴን ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ ገባች። ውስጥ የነበረው ግርግር ወዲያው ተለወጠ። ሰዎች ሮጡ፣ ደም ተቀዳ፣ ማሽን ተገፍቶ ገባ። ደሟን ማጠብ ጀመሩ።

ሸዋረጋ ተመልሳ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ስትናገር አላየችኝም።

«የአእምሮ መድኃኒት ነው። ስሜት ሲወጣም ሲወርድም ሰውየውን መሐል ላይ የሚይዝ። በየወሩ ደሟን ይለኩላት ነበር፤ ትንሽ ካነሰ አይሠራም፣ ትንሽ ከበዛ ይመርዛል። ውሃ ያስጠማል፣ ያወፍራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ይኼ ሁሉ ደህና ሆና እያለች ነው። ሰውነት ውሃና ጨው ካጣ ግን መድኃኒቱን አያስወጣውም፤ ያጠራቅመዋል። ሐኪሟ ጾም የሚባል ነገር እንዳታስቢ ብሏታል።»

«ታዲያ ከጾመች መድኃኒቱን ለምን አላቆመችም?»

አሁን አየችኝ። «ብታቆመው ምን እንደምትሆን ስለምታውቅ ነዋ! እንደዚያ ሆና እንድታያት ስላልፈለገች። ጾሙም ላንተ ነው፣ ኪኒኑም ላንተ ነው።»

ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጋሼ ጀላሉዲን እሺ ያሉ ዕለት ኸይሪያ ጽፋልኝ፣ መኪናው ውስጥ ልትተወው ፈርታ ሸዋረጋ ጋ ያስቀመጠችው ደብዳቤ ነው። አልጋዋ አጠገብ እንድቀመጥ ሲፈቅዱልኝ እዚያው አነበብኩት።

«በሽር፣

ሳወራ አፌን ከምታይ በወረቀት ይሻለኛል። ዋሽንግተን እያለሁ አሥራ አንድ ቀን ሳልተኛ ቆየሁ። ደስታዬ በዛ። ልብሴን በሙሉ መንገድ ላይ አደልኩ። አባቴ ከሞተበት ተነሥቶ ደሴ እየጠበቀኝ ነው ብዬ አየር ማረፊያ ሄጄ በግድ አሳፍሩኝ አልኩ። ፖሊሶች ወሰዱኝ፣ አልጋ ላይ አሰሩኝ። ከዚያ መድኃኒቱ መለሰኝ። ሲመልሰኝ ሁሉንም አልመለሰም፤ እጄን አንቀጥቅጦ፣ ወገቤን አስፍቶ፣ ሳቄንም ትንሽ ቀንሶ ነው የመለሰኝ። አልተቀየምኩትም።

አንተ የወደድካት መድኃኒቱን የምትወስደዋን ነው። ሌላዋን አታውቃትም፤ እንድታውቃትም አልፈልግም። ግን እንዳለች ሳልነግርህ ሽማግሌ ብትልክ የምታገባው ግማሼን ነው። አንብበህ ከጨረስክ በኋላ በሚቀጥለው ማክሰኞ ቁልፌን ስትቀበለኝ ፊቴን እየኝ። ምንም አትበል። እየኝ ብቻ፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ «አሰሩኝ» የሚለው ላይ ተመልሶ ተመልሶ ይቆማል። ያ ባሕሩን የሚሳደበው ሰውዬ መጣብኝ። ከዚያ ልጆች መጡብኝ፤ ያልተወለዱ፣ የእሷን ዓይን የያዙ።

ሸዋረጋ ከበሩ ላይ ሆና «ወንበርህን ለምን አራቅክ?» አለችኝ።

ቁልቁል አየሁ። ስቀመጥ ጉልበቴ አልጋውን ይነካ ነበር። አሁን በመካከላችን ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። መቼ እንደገፋሁት አላውቅም። ቀና ስል ኸይሪያ ዓይኗን ገልጣለች። ደብዳቤውን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ፊቴን አየች። ከዚያ እንደደከመው ሰው ዓይኗን መልሳ ጨፈነች፤ እኔም በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ የምሸሸግበት ፈለግሁ።

ዒድ አለፈ። ከሆስፒታል የወጣችው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። መርዙ ከደሟ ወጥቷል፤ የነካው ግን የነካውን ይዞ ቀርቷል። ሐኪሙ አንዳንዱ በወራት ሊመለስ ይችላል፣ አንዳንዱ ላይመለስ ይችላል አለ። ግድግዳ ሳትይዝ አትራመድም። የልብሷን ቁልፍ ራሷ አትቆልፍም። ምላሷ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ ነው የሚያወጣው።

ፌርፋክስም አዲሱን ወሬ ይዟል። «እርግዝና በሆነ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር እትዬ ዘሐራ፣ ከልባቸው። «ያ አላህ፣ ምን ነበረበት እርግዝና በሆነ!»

ባልድዊን ሂልስ ስሄድ በሩን የከፈቱልኝ ጋሼ ጀላሉዲን ናቸው። አርጅተዋል። «የሰጠሁህን ቃል አላጥፍም» አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። «አንተን ግን ቃልህ አያስርህም። ማንም አይፈርድብህም ልጄ።»

«እሑድ ሽማግሌዎቼ ይመጣሉ ጋሼ» አልኳቸው። ይህን ለማለት ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ። ወረቀት ላይ ለሁለቱም ወገን ጽፌ መዝኜዋለሁ። ትክክለኛው ነገር ይህ ነው።

ኸይሪያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሻሿን ሌላ ሰው እንዳሰረላት ያስታውቃል፤ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ላስተካክልላት እጄን ዘረጋሁና መሐል ላይ መለስኩት።

«እሑድ እልካለሁ» አልኳት።

«ለምን?»

«ቃሌ ስለሆነ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቃሏን ለማውጣት ስትታገል አፏን እያየሁ መጠበቅ ነበረብኝ፤ መጠበቅ የምችል ሰው ነኝ እያልኩ ሁልጊዜ እኮራ ነበር።

«ዲቃላ... ይዤ... ቢሆን... ትወስደኝ ነበር?»

«አዎ። ነግሬሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

እወስድሻለሁ አልኳት። እውነቴን ነው፣ ይህንኑ ቃል አልኩ። ከዚያ በፊት ግን መስኮቱን አየሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ጫማዬን አየሁ። ብዙ አይደለም። አንድ መኪና ኮረብታውን ወጥቶ እስኪያልፍ ድረስ ነው።

ኸይሪያ መኪናው እስኪያልፍ ጠበቀችኝ። ቀጥላ በተቻላት መጠን አጥርታ ተናገረች።

«ለዲቃላው... ወዲያው ነበር... የመለስክልኝ።»

«ኸይሪያ፣ እኔ...»

«አትላክ። እምቢ... አለችኝ... በላቸው። እሷ... ናት... እምቢ ያለችኝ... በል።» አረፍ አለች። «ይኼን... እሰጥሃለሁ። ሂድ።»

አልለመንኳትም። መለመን እንዳለብኝ አውቄ፣ ለመለመን አፌን ከፍቼ፣ ዘጋሁት። በሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ የሻሿን ቋጠሮ በሚርበተበት ጣቷ እየፈለገች ታጣው ነበር።

ሐዘኑ ውጭ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ደጁን አልፌ ቁልቁለቱን መውረድ ስጀምር ልቤን አዳመጥኩ፤ እንባዬንም ጠበቅሁ። የመጣው ግን ሌላ ነው። ትከሻዬ ወረደ፣ ደረቴ ተከፈተ፣ እግሬ ቀለለኝ። እፎይታ ነበር። መንገዱ ዳር ቆሜ፣ አፍሬ፣ እንዲለቀኝ ጠበቅሁት። አልለቀቀኝም።